የእማዬ አይብ ወይስ የሱፐርማርኬቱ ቺዝ?

ጥያቄ፦ "ሰላም። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን መኖር ከጀመረች ስምንት ወር ሆናት። 68 ዓመቷ ነው። ባለፈው ስትመረመር ግፊትም ኮሌስትሮልም አለብሽ ተባለች። ሐኪሙ ጨውና ስብ ቀንሺ፣ ቺዝም አታብዢ ብሏታል። እሷ ደግሞ ከጾም ቀን በቀር ያለ አይብ ምግብ አይበላላትም። እኔ ሙሉ ወተት አፍልቼ፣ ሎሚ ጨምቄበት አይብ እሠራላታለሁ። ጊዜ ሲያጥረኝ ኮቴጅ ቺዝ እገዛለሁ፣ እሷ ግን 'ይሄ አይብ አይደለም' ትልና ቅቤና ሚጥሚጣ ጨምራበት ትበላለች። የ7 ዓመቱ ልጄ ደግሞ ከብርቱካናማው ስላይስ ቺዝ ሌላ የወተት ነገር አይነካም። እኔን ወተት ሆዴን ይነፋኛል። አንዲት ጓደኛዬ ፔንስልቬንያ ካለ እርሻ ጥሬ ወተት ግዢና እውነተኛ እርጎና አይብ ሥሪ ትለኛለች። ለመሆኑ የትኛው ቺዝ ነው ለጤና የሚሻለው? ለሦስታችንም የሚሆን አንድ ቺዝ አለ?"

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ለሦስታችሁም እኩል የሚሆን አንድ ቺዝ የለም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽን የሚጎዳቸው አይብ መውደዳቸው አይመስለኝም። አሜሪካ ከመጡ ወዲህ አይብ ተብሎ የሚቀርብላቸው ነገር ሌላ ሆኖባቸው ነው። "ይሄ አይብ አይደለም" ሲሉ ልክ ናቸው፣ ደግሞም የሚያወሩት ስለ ጣዕሙ ብቻ ቢመስላቸውም ስለ ስቡና ስለ ጨውም ልክ ናቸው።

"ቺዝ" የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። አይብም ቺዝ ነው፣ ፌታም ቺዝ ነው፣ ፒዛ ላይ የሚሳበውም፣ እኛ አገር ፎርማጆ የምንለውም ቺዝ ነው። ሁሉም ከወተት ይምጡ እንጂ ጤፍና ሽምብራ የሚለያዩትን ያህል ይለያያሉ። አንድ ቺዝ ለማን እንደሚሆን ማወቅ ስትፈልጊ አሠራሩን ጠይቂ። ስቡ ቀድሞ ወጥቶለታል? አጓቱ ምን ይዞ ሄደ? ስንት ጨው ገባበት? ምን ያህል ጊዜ ተቀመጠ? ይሄን ካወቅሽ ግማሹን ነገር አወቅሽ ማለት ነው።

አገር ቤት አይብ እንዴት እንደሚሠራ አስቢው። ወተቱ ይጠራቀማል፣ እርጎ ይሆናል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል። አይብ የሚሆነው ከዚያ በኋላ የቀረው አሬራ ነው። አሬራው ለስለስ ያለ እሳት ላይ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ይቋጠራል፣ አጓቱ ይጠልላል። ስቡ እኮ ቀድሞ ሄዷል፣ ወይ ለወጥ ተነጥሯል ወይ ገበያ ወጥቷል ወይ ፀጉር ተቀብቷል። ስለዚህ 100 ግራም የአገር ቤት አይብ ውስጥ ወደ 15 ግራም ፕሮቲን ይገኛል፣ ስቡ ግን 2 ግራም ገደማ ነው። የቀረው አብዛኛው ውኃ ነው። እንደ አናናጡ ከፍ ዝቅ ይላል፣ በደንብ ያልተናጠ ከሆነ ስቡ ይጨምራል።

አንቺ የምትሠሪው ግን ከሙሉ ወተት ነው። ሎሚው ወተቱን ሲቋጥረው ስቡንም አብሮ ይይዘዋል፣ ቅቤው የሚወጣበት ጊዜ አላገኘም። እንዲህ ያለው አይብ በ100 ግራም ወደ 20 ግራም ስብ ይኖረዋል። የአገር ቤቱን ዐሥር እጥፍ ማለት ነው። ህንዶች ፓኒር የሚሉት ይሄንኑ ነው፣ ጥሩ ምግብ ነው፣ ኮሌስትሮል ላለበት ሰው ግን በየቀኑ በሰሃን ሙሉ የሚበላ አይደለም። አንቺ ልፋትሽን አይተሽ፣ ቤት የተሠራ ነው ብለሽ ነው ያቀረብሽላቸው። ከሁሉም የበለጠ የገባኝ እሱ ነው።

ከዚያ ቅቤው አለ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን ከ8 ግራም በላይ ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ አለው፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ኮሌስትሮላቸውን መቀነስ ላለባቸው ሰዎች የሚመክረው፣ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ከ13 ግራም እንዳያልፍ ነው። አንዷ ማንኪያ ከግማሽ በላይ ወሰደች። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ፦ አንድ ዓይነት መጠን ያለው የወተት ስብ በቅቤ መልክ የበሉና በቺዝ መልክ የበሉ ሰዎች በጥናት ሲነጻጸሩ፣ መጥፎው ኮሌስትሮል ይበልጥ ከፍ ያለው ቅቤ በበሉት ላይ ነው። ቺዙ ውስጥ ስቡ ከፕሮቲንና ከካልሲየም ጋር ተያይዞ ስለሚገባ ይመስላል። ስለዚህ እናትሽ የግድ አንዱን መቀነስ ካለባቸው መጀመሪያ የሚቀነሰው ቅቤው ነው እንጂ አይቡ አይደለም። ለእሳቸውም እንዲህ ብለሽ ብትነግሪያቸው አይብ ተከለከልኩ ብለው አያዝኑም።

እኔን ግን ከስቡ ይልቅ ያሳሰበኝ ጨው ነው። ኮቴጅ ቺዙ ላይ ስቡ ዝቅተኛ ነው ተብሎ ስለተጻፈ ሰው ሁሉ ለበሽተኛ ይገዛዋል። እውነት ነው፣ ስቡ ጥቂት ነው። ግን ግማሽ ኩባያው ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ350 እስከ 400 ሚሊግራም ሶዲየም፣ ማለትም ጨው ውስጥ ያለውና ግፊት ከፍ የሚያደርገው ነገር፣ አለ። ፈረንጅ ይሄንን ግማሽ ኩባያ ከፍራፍሬ ጋር ቀምሶ ይተወዋል። እናትሽ ግን እንጀራ ላይ አድርገው ነው የሚበሉት፣ አንድ ኩባያ ሙሉ ቢበሉ አይገርመኝም፣ ያኔ 700 እና 800 ሚሊግራም ደረሱ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2000 ሚሊግራም በታች ይሁን ይላል። ወጡ ውስጥ ያለው ጨው ገና አልተቆጠረም። ደግሞ ሚጥሚጣ! ሚጥሚጣ ሲዘጋጅ ጨው አብሮ እንደሚፈጭበት አንቺም ታውቂያለሽ፣ ግን ስናሰላ ማንም ትዝ አይለውም። የግድ ኮቴጅ ቺዝ ከሆነ ጨው ያልተጨመረበት የሚል የተጻፈበትን ፈልጊ፣ አለ። ካጣሽ ደግሞ ወንፊት ላይ አድርገሽ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቢው፣ ብዙው ጨው ይወርዳል፣ ከካልሲየሙም አብሮ የሚሄድ አለ።

ሌሎቹንም በጨው ላስተያያቸው፣ ለግፊት በሽተኛ ዋናው መለኪያ እሱ ስለሆነ። አሜሪካ ውስጥ ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ለ28 ግራም ነው፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ቁራጭ በይው። በዚያች ቁራጭ ስዊስ የሚባለው፣ ባለ ቀዳዳው፣ ከ50 እስከ 60 ሚሊግራም ሶዲየም ነው ያለው። ቼዳር ወደ 180። ፌታ ጨው ውኃ ውስጥ ስለሚቀመጥ ወደ 300 ይጠጋል፣ ፓርሜዛን ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ስላይሱ እንደ ፋብሪካው ይለያያል እንጂ በዚሁ ክብደት 400 የሚደርስ አለ። ስለዚህ እናትሽ አንዳንዴ ዳቦ ላይ ፎርማጆ ካማራቸው ስዊሱን አንድ ቁራጭ ስጪያቸው፣ ስቡ ግን እንደ ቼዳሩ ነውና አንድ ቁራጭ ስል አንድ ማለቴ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ግራ ሲገባሽ ሶዲየም ከሚለው ጎን ያለውን ፐርሰንት እዪ፦ 5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥቂት ነው፣ 20 ከደረሰ ብዙ ነው።

አይብን እንዲህ ሳሞግሰው ጉድለቱንም መናገር አለብኝ። ካልሲየሙ ትንሽ ነው። አይብ የሚቋጠረው በኮምጣጣነት ነው፣ ወተት ሲኮመጥጥ ደግሞ ካልሲየሙ ከፕሮቲኑ ይላቀቅና ከአጓቱ ጋር ይወርዳል። ኮቴጅ ቺዝም ያው ነው፣ በ100 ግራም 80 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ቼዳር ግን 700 ይደርሳል። አያቴ አጓቱን አትደፋም ነበር፣ ለእኛ ለልጆቹ በጣሳ ትሰጠን ነበር፣ እኛ ቅር እያለን እንጠጣለን። አሁን ሳስበው ምን እንዳጠጣችን ገብቶኛል። አንቺም አትድፊው፣ ዳቦ ስታቦኪ በውኃው ፋንታ ተጠቀሚበት።

በእናትሽ ዕድሜ ያለች ሴት በቀን 1200 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል፣ በአይብ ብቻ አይሞላም። የሚሞላው ጎመን በአይብ ነው። እዚያ እንደ ጎመን የምትጠቀሙበት ኮላርድ ግሪን አንድ ኩባያ ሲቀቀል ከ250 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም አለው፣ ሰውነትም በደንብ ይወስደዋል። ቆስጣና ስፒናች እንደዚያ አይደሉም፣ ካልሲየማቸውን አስረው የሚያስቀሩበት ነገር ውስጣቸው አለ። አይቡ ፕሮቲኑን፣ ጎመኑ ካልሲየሙን ይሰጣል። ስለዚህ አይቡን ብቻውን ከምታቀርቢላቸው በጎመን አድርጊላቸው፣ ቅቤውን ቆንጠር ብቻ። በጾሙም ቀን ጎመኑ አይቋረጥም።

አሁን ወደ ልጁ። ብርቱካናማው ስላይስ መርዝ አይደለም፣ አትደንግጪ። ካልሲየምም ፕሮቲንም አለው። ቺዝ ቀልጦ፣ ሌላ የወተት ነገርና እንዳይለያይ የሚያደርጉ የፎስፌትና የሲትሬት ጨዎች ገብተውበት እንደገና የረጋ ነው፣ ለዚህ ነው እንደ ላስቲክ እኩል የሚቀልጠው፣ ለዚህም ነው ሶዲየሙ የሚበዛው። በእሱ ዕድሜ ላለ ልጅ በቀን ከ1500 ሚሊግራም ሶዲየም ባያልፍ ይመከራል፣ ሁለት ስላይስ ሲሶውን ሊወስድ ይችላል። እኔ የምመክርሽ ለስለስ ያለውን ቼዳር እንድትሞክሪ ነው፣ ብርቱካናማውን። ቀለሙ አናቶ ከሚባል የዛፍ ፍሬ ነው የሚመጣው፣ ነጩና ብርቱካናማው ቼዳር በምግብነት አንድ ናቸው። ልጅ ቀለም ካልተቀየረበት ብዙ አይጣላም። መጀመሪያ ከስላይሱ ጋር ግማሽ በግማሽ አድርጊና እያደር አሳንሺው።

የወተት ነገር ሌላ አይነካም ነው ያልሽው። ሌላውን ምግብ ከበላ ደህና ነው። በቺዝ ሆዱን ሞልቶ ምስርና ሥጋ የሚመልስ ከሆነ ግን የልጆች ሐኪሙን አናግሪ። ቺዝ ውስጥ ብረት የለም ማለት ይቻላል፣ የደም ማነስ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።

አንቺን በተመለከተ አጭር ነው። ሆድሽን የሚነፋው ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ይመስለኛል፣ ካደግን በኋላ እሱን መፍጨት ለብዙዎቻችን ሐበሾች ይከብደናል። አንድ ብርጭቆ ወተት 12 ግራም ያህል ላክቶስ አለው። ቺዝ ሲሠራ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል፣ የቀረውን ደግሞ ባክቴሪያዎቹ በወራት ውስጥ ይጨርሱታል። ስለዚህ ቼዳር፣ ስዊስ፣ ጎውዳ፣ ቢያንስ 12 ወር የሚቀመጠው የጣሊያኑ ፓርሜዛን፣ እነዚህ ላክቶስ የላቸውም በሚባል ደረጃ ናቸው። ሪኮታና ኮቴጅ ቺዝ የተወሰነ ይቀራቸዋል፣ ትንሽ ከምግብ ጋር ብትሞክሪ ግን ላይከብድሽ ይችላል። እርጎም ለብዙ ሰው ከወተት ይቀላል። የሚያሳክክሽ፣ ከንፈርሽን የሚያሳብጥሽ ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥርሽ ከሆነ ግን ያ አለርጂ ነው፣ የትኛውንም ቺዝ ሳትነኪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

የጓደኛሽን ምክር አልደግፈውም። ፔንስልቬንያ ፈቃድ ላላቸው እርሻዎች ጥሬ ወተት መሸጥ ትፈቅዳለች፣ ሜሪላንድ አትፈቅድም። ፈቃድ አለው ማለት ግን ጀርም የለውም ማለት አይደለም። ሊስቴሪያ፣ ኢ ኮላይና ሳልሞኔላ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆነን ሰው ደግሞ ይበረታሉ። ከ2024 ጀምሮ የወፍ ጉንፋን ቫይረስ በአሜሪካ የወተት ላሞች ላይ ተገኝቷል፣ ጥሬ ወተታቸው ውስጥም ታይቷል። "አገር ቤት ስንጠጣው ኖረናል" የሚለውን አውቀዋለሁ፣ እናትሽም ሊሉሽ ይችላሉ። አገር ቤት ብሩሴሎሲስ የሚባል ከጥሬ ወተት የሚመጣ በሽታ አለ፣ ትኩሳቱ እየሄደ ይመለሳል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ ወባ ነው ታይፎይድ ነው እየተባለ ሌላ መድኃኒት የሚውጥ ሰው ብዙ ነው። ወተት ጀርሙ እንዲሞት ለ15 ሴኮንድ 72 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሲሞቅ ፕሮቲኑና ካልሲየሙ እንዳለ ይቀራል። እውነተኛ እርጎ ከፈለግሽ የተለመደውን የሱቅ ወተት ለብ አድርጊና ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ያልጣፈጠ ዮገርት ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨምረሽበት ሙቅ ቦታ አሳድሪው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልረሳ። ከአገር ቤት በቅርብ የመጡ አንዳንድ ሰዎች ሲመረመሩ ተኝቶ ያለ ቲቢ ይገኝባቸውና አይሶኒያዚድ የሚባል መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል። እናትሽ እሱን ከጀመሩ ወራት የቆየ ቺዝ፣ ማለትም እንደ ፓርሜዛንና የቆየ ቼዳር ያለው፣ አይስማማቸው ይሆናል። ፊት መቅላት፣ ራስ ምታት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ አንዳንዴም የግፊት መጨመር ያመጣል። ትኩስ አይብ እንዲህ አያደርግም። መድኃኒቱን ግን በራሳቸው እንዳያቋርጡ፣ የሚቀረው ቺዙ ነው፣ ፋርማሲስቱንም ጠይቂልኝ።

በመጨረሻ የእሳቸውን አይብ እንሥራ። ሱፐርማርኬት በተርሚልክ የሚባል አለ፣ ስቡ አነስተኛ የሆነውን ግዢ፣ ለአሬራ የሚቀርበው እሱ ነው። ትንሽ ጨው ስለሚገባበት የሶዲየሙን ቁጥር አነጻጽረሽ ዝቅ ያለውን አንሺ፣ ከገባውም ብዙው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ድስት ላይ ገልብጪና በጣም ትንሽ እሳት ላይ አድርጊው። እንዳይፈላ። ከፈላ ይደርቅና እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። አታማስዪው፣ ዝም ብለሽ ጠብቂው፣ ጥቂት ቆይቶ ከዳር ዳር አረንጓዴ የሚመስል ውኃ ሲለይ ታያለሽ። ያኔ እሳቱን አጥፊና እንዳለ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ንጹሕ ስስ ጨርቅ ላይ ገልብጠሽ አንጠልጥዪው። ግማሽ ጋሎኑ ሩብ ኪሎ ገደማ ነው የሚወጣው፣ ትንሽ ነው ብለሽ አትበሳጪ፣ አገር ቤትም ለአንድ ኪሎ አይብ 8 ሊትር ያህል ነው የሚፈጀው። ጨው አትጨምሪ። ኮሰረትና ትንሽ ጤና አዳም ካገኘሽ አድርጊበት፣ ሚጥሚጣውን ደግሞ በርበሬውን ገዝተሽ ያለ ጨው ራስሽ አስፈጪላቸው። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። እሑድ ብትሠሪው እስከ ማክሰኞ ማታ ይበላል፣ ረቡዕ ያው ጾም ነው። መጀመሪያ ምንም ሳትነግሪያቸው አቅርቢላቸውና ምን እንዳሉ ጻፊልኝ።